ብረቱ የማይታይበት ሥዕል፦ አራዊትን ማላመድና የግዛት ሥልጣን በ19ኛው ክፍለ ዘመን ጥበብ

ሸራና ብሩሽ (ክሩን የከፈተ)

የመድረኩ ወዳጆች ሆይ፣ ሰላም ለሁላችሁ ይሁን።

ለውይይት የማቀርበው አንድ ሥዕል ነው። እንግሊዛዊው ሠዓሊ ኤድዊን ላንድሲር በ1839 ለንግሥት ቪክቶሪያ የሣለው ሲሆን (በዚህ ክር የምጠቅሳቸው ዓመታት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)፣ አይሳክ ቫን አምበርግ የተባለውን አሜሪካዊ የአራዊት አላማጅ በአንበሶች፣ በታይገሮችና በነብሮች መካከል ተጋድሞ ያሳያል። ሰውየው የጥንት ሮማዊ የሚያስመስል ልብስ ለብሷል፤ የበግ ጠቦት ታቅፏል፤ አራዊቱም በዙሪያው እንደ ቤት እንስሳ ዐርፈዋል። ከብረት ፍርግርጉ ባሻገር ተመልካቹ ሕዝብ ይታያል። ሠዓሊው እኛን ያቆመን እንግዲህ ከሕዝቡ ጋር በውጭ ሳይሆን ከአራዊቱ ጋር በውስጥ ነው። ይህን ካስተዋልኩ ወዲህ ሥዕሉን እንደ ተራ የሰርከስ ማስታወሻ ማየት አልቻልኩም።

ስለ ሰውየው ጥቂት ልበል። ቫን አምበርግ በኒው ዮርክ ግዛት ተወልዶ በዚያው በአሜሪካ መድረኮች ስሙ ከገነነ በኋላ በ1838 ወደ ለንደን ተሻገረ። መጀመሪያ የፈረስ ትርኢት በሚታይበት በአስትሊ፣ ቀጥሎም በድሩሪ ሌን ቲያትር ከአራዊቱ ጋር ይወጣ ጀመር። ንግሥት ቪክቶሪያ ያን ጊዜ የ19 ዓመት ወጣት ነበረች፤ ዘውድ ከጫነችም ገና ዓመት አልሞላትም። ትርኢቱን ደጋግማ ከማየቷም በላይ፣ ጃንዋሪ 24 ቀን 1839 ማታ ትርኢቱ ካበቃ በኋላ መድረኩ ላይ ወጥታ አራዊቱ ሲበሉ በቅርብ ተመለከተች። ሥጋው ሲቀርብላቸው በርትተው እንዲታዩ ለ36 ሰዓት ያህል ምግብ ተከልክለው ነበር። ሥዕሉን ላንድሲር እንዲሠራላት ያዘዘችውም በእነዚሁ ወራት ነው።

አሁን ወደ ነገሬ ልግባ። ቫን አምበርግ አራዊቱን የሚያስገብረው በብረት ዘንግ በመደብደብና በማስራብ እንደነበረ በዘመኑ የታወቀ ነገር ነው። በሥዕሉ ላይ ግን ዘንጉ የለም። ረሃቡም የለም። በምትካቸው ጠቦቷ ገብታለች። ጠቦት በአንበሳና በነብር መካከል የምትተኛበት ዓለም ከነቢዩ ኢሳይያስ ምዕራፍ 11 የመጣ መሆኑን የዚያን ጊዜ ተመልካች ሳይነገረው ያውቃል። ትንቢቱ ግን ስለሚመጣው የሰላም መንግሥት የተነገረ ነው፤ በዚህ ሸራ ላይ የሰላሙ ምንጭ አንድ ጡንቻማ ነጭ ሰው ሲሆን፣ የሚገብሩለት ደግሞ ከአፍሪካና ከእስያ የተጋዙ አራዊት ናቸው። እነዚያ አራዊት የመጡባቸውን አገሮች አውሮፓውያን በየተራ በሚይዙበት ክፍለ ዘመን እንዲህ ያለ ሥዕል በቤተ መንግሥት ግድግዳ ላይ መሰቀሉ ያለ ምክንያት ነው ብዬ ለማመን ይቸግረኛል። ሥዕሉ የሚነግረን ኃይል እንደ ፍቅር ሆኖ እንዲታይ ምን ነገር ከዓይን መራቅ እንዳለበት ነው።

አንድ ነገር ልጨምር። ለንደን ውስጥ በእንስሳት ላይ የሚፈጸምን ጭካኔ ለመከላከል የተቋቋመው ማኅበር በ1824 የተመሠረተ ሲሆን፣ ቪክቶሪያ በ1840 «ንጉሣዊ» የሚለውን ማዕረግ ሰጥታዋለች። የ1822ቱ ሕግ ከብትን ከጭካኔ ይጠብቅ ነበር፤ በ1835 ደግሞ ውሻን የመሰሉ የቤት እንስሳት ተጨመሩ። በፍርግርግ የተያዙ የዱር አራዊት ሕግ የወጣላቸው በ1900 ነው። ስለዚህ ያቺው ንግሥት የበሬንና የውሻን ሥቃይ የሚከለክለውን ማኅበር ስትደግፍ፣ ከሩቅ አገር የመጣው አንበሳ ሥቃይ በሕጉም በሥዕሉም ሳይታይ ቀርቷል።

የእናንተን አስተያየት በጉጉት እጠብቃለሁ።


የመጽሐፍ መደርደሪያ

ሸራና ብሩሽ፣ ጽሑፍዎ በጥንቃቄ የተዘጋጀ ስለሆነ በዚያው ልክ ጥያቄ ማንሳት ተገቢ መስሎ ታይቶኛል። ሦስት ነገሮች አልተዋጡልኝም።

ቫን አምበርግ እንግሊዛዊ አይደለም። ቅኝ ግዛት ከሌላት፣ ራሷም ከእንግሊዝ አገዛዝ ከወጣች ገና 60 ዓመት ካልሞላት አገር የመጣ የትርኢት ሰው ነው። ትርኢቱንም ያወጣው ለገንዘብ እንጂ ለማንም ዘውድ ክብር አይደለም። ላንድሲር ደግሞ ዕድሜ ልኩን ውሻ፣ ፈረስና አጋዘን ሲሥል የኖረ፣ እንስሳትን በእውነት የሚወድ ሰው ነበር፤ ከልጅነቱ ጀምሮ አንበሳን በለንደን የአራዊት ማቆያ እየሄደ ያጠና ነበር። እንዲህ ያለ ሠዓሊ ዕረፍት ላይ ያሉ አራዊትን ሲያገኝ የቆዳቸውን ጸጉርና የጡንቻቸውን መላላት መሣል ቢፈልግ ምን ያስገርማል? ከዚህም ሌላ የ19 ዓመት ልጅ በትርኢት መደሰቷን ወደ መንግሥት ፖሊሲ መለወጥ ትንሽ የተጎተተ ይመስለኛል። ኢሳይያስን መጥቀስም በዚያ ዘመን ለማንኛውም አንበሳና በግ ላለበት ሥዕል የሚደረግ ነበር።

የግዛትን ሥልጣን በአራዊት ሥዕል ውስጥ ማየት ከተፈለገ፣ ነገሩን ሳይሸፍኑ በግልጽ የሚናገሩ ሥዕሎች ሞልተዋል። ጆን ተኒየል ለፓንች መጽሔት ኦገስት 22 ቀን 1857 የሣለው የእንግሊዝ አንበሳ በቤንጋል ታይገር ላይ ሲዘል የሚያሳየው ሥዕል ምንም ትርጓሜ አያሻውም። ታይገሩ በወደቁ እናትና ሕፃን ላይ ቆሟል፤ አንበሳው ሊበቀል ይወረወራል፤ ከሥዕሉ ጀርባ ያለው የዚያው ዓመት የሕንድ ዐመፅ ነው። እንዲህ ያለውን ትተን የተኛን አንበሳ ለምን እንመረምራለን?


የዴካን ጎዳና

የመጽሐፍ መደርደሪያን ጥያቄ በመደገፍ ሳይሆን በማስፋት እመልሳለሁ፤ ምክንያቱም የክሩ ከፋች ያልጠቀሱት ሁለተኛ ሥዕል አለ።

ላንድሲር ቫን አምበርግን በ1846 እና 1847 እንደገና ሥሎታል። የዚህኛው ሥዕል አዛዥ ንግሥቲቱ ሳትሆን የዌሊንግተን መስፍን፣ የዋተርሎው አሸናፊ አርተር ዌልስሊ ነው። ሥዕሉ አሁን በአሜሪካ በኒው ሄቨን ከተማ በየል የብሪታንያ ጥበብ ማዕከል ይገኛል። በዚህኛው ላይ ቫን አምበርግ አልተጋደመም፤ ቀጥ ብሎ ቆሞ እጁን ዘርግቶ በጣቱ ያዛል፤ አራዊቱም ወገባቸውን ሰብረው ወደ ኋላ ያፈገፍጋሉ። ጠቦቷን ይዞ ያረፈው ሰው በስምንት ዓመት ውስጥ ወደ አዛዥነት ተሸጋግሯል ማለት ነው። ዌሊንግተን ሥዕሉን ያያዘው ከዘፍጥረት ምዕራፍ 1 ቁጥር 26 ጋር ነበር፤ ይኸውም ሰው በባሕር ዓሦች፣ በሰማይ ወፎችና በምድር አራዊት ሁሉ ላይ ይግዛ ከሚለው ቃል ጋር ነው። ንግሥቲቱ የወደደችው ሥዕል በኢሳይያስ ይነበባል፤ መስፍኑ ያዘዘው ግን በ«ይግዙ» ይነበባል።

አሁን ዌሊንግተን ማን እንደነበረ እናስታውስ። ሜይ 4 ቀን 1799 የእንግሊዝ የምሥራቅ ሕንድ ኩባንያ ጦር በደቡብ ሕንድ የምትገኘውን ሴሪንጋፓታምን ሰብሮ ሲገባ፣ የማይሶር ገዥ ቲፑ ሱልጣን በውጊያው ወደቀ። ከተማዋን እንዲያስተዳድር የተሾመው ወጣቱ ኮሎኔል አርተር ዌልስሊ ነበር። ቲፑ ራሱን የሚገልጸው በታይገር ነበር፤ ዙፋኑ፣ የወታደሮቹ ልብስ፣ መድፎቹ ሳይቀሩ የታይገር ምልክት ነበረባቸው፤ በግቢውም እውነተኛ ታይገሮች ይኖሩ ነበር። ዌልስሊ ከተማዋ በተያዘች ማግሥት ለበላዮቹ በጻፈው ደብዳቤ፣ ለእነዚህ አውሬዎች መኖም ጠባቂም ስለሌለ፣ ቁጣቸውም እየባሰ ስለሄደ፣ የሚወስዳቸው ካልተገኘ በጥይት ለማስመታት እንደሚገደድ አሳውቆ ነበር። የተሸነፈ ንጉሥ አራዊት ዕጣ በእጁ የወደቀ ሰው ከ47 ዓመት በኋላ ታይገር ሲያጎነብስ የሚያሳይ ሥዕል ማዘዙን እንደ አጋጣሚ ማለፍ አልችልም።

ከሴሪንጋፓታም ከተዘረፉት መካከል በዓይኔ ካየኋቸው ዕቃዎች ሁሉ አእምሮዬ ውስጥ የቀረው የቲፑ ታይገር ነው፤ ስለዚህ በጥቂቱ ልግለጸው። በቀለም የተቀባ የእንጨት ታይገር በጀርባው በተዘረጋ አውሮፓዊ ላይ ቆሞ ጉሮሮውን ይዟል። በታይገሩ ጎን ውስጥ ኦርጋን ተገጥሟል። ከጎኑ ያለችው እጀታ ስትዞር የወደቀው ሰው ክንድ ከፍ ዝቅ ይላል፤ ከውስጥም የሰው ለቅሶና የአውሬ ማጉረምረም ይሰማል። የሰውየው ፊት ክብ ነው፤ ዓይኖቹም ፈጥጠዋል። ኩባንያው ይህን ዕቃ ከ1808 ጀምሮ በለንደን ቢሮው ለሕዝብ ያሳይ ነበር፤ አሁን በቪክቶሪያና አልበርት ሙዚየም አለ። በዚያው በ1808 ኩባንያው ለወታደሮቹ ባደለው የሴሪንጋፓታም ሜዳልያ ላይ ደግሞ የእንግሊዝ አንበሳ ታይገርን ጥሎ ሲረግጥ ተቀርጿል። ተኒየል በ1857 የሣለው እንግዲህ ከሜዳልያው በቀጥታ የወረደ ነው። የላንድሲር ተመልካቾች ታይገር ከማን ምልክትነት እንደመጣ ለ40 ዓመት ሲማሩ የኖሩ ሰዎች ነበሩ።


የመጽሐፍ መደርደሪያ

የዴካን ጎዳና፣ ስለ ዌሊንግተን ያቀረቡት ጠንካራ ነው፤ ሁለተኛውን ሥዕል በተመለከተ ክርክር የለኝም። የ1839ኙ ግን አሁንም ሌላ ጠባይ ያለው ሆኖ ይታየኛል፤ ሁለቱን አንድ ላይ ጠቅልሎ ማንበብ የላንድሲርን እጅ ይጋርድብናል። አንድ ሠዓሊ ያንኑ ሰው ለሁለት አዛዦች በሁለት አኳኋን ከሣለ፣ ሥልጣኑን የምንፈልገው በላንድሲር ብሩሽ ሳይሆን ገንዘቡን በከፈለው ሰው ምኞት ውስጥ አይደለምን?


ሸራና ብሩሽ

በከፋዩም በሠዓሊውም ውስጥ ነው ባይ ነኝ። ላንድሲር ሁለቱን ምኞቶች ያለ ችግር ለመሣል የቻለው አንዱ የሌላው ገጽታ ስለሆነ ነው። የተጋደመው ሰው መጋደም የቻለው ቆሞ ያዘዘበት ጊዜ ስለነበረ ነው። የድሩሪ ሌን ተመልካችም በየምሽቱ ሁለቱንም ያይ ነበር፤ መጀመሪያ ትእዛዙን፣ ቀጥሎ ጠቦቷ ስትገባ ዕርቁን።

ላንድሲር እንስሳትን ይወድ ነበር ያሉትን አልክድም። ይሁን እንጂ የትራፋልጋር አደባባይን አራት አንበሶች ያስታውሷቸው፤ በኔልሰን ዓምድ ሥር በ1867 የተተከሉትን ማለቴ ነው። ሐውልት ሠርቶ የማያውቀው ላንድሲር ሥራውን ተቀብሎ ለዓመታት ደከመበት፤ ከለንደን የአራዊት ማቆያ የሞተ አንበሳ እስከማስመጣት ደረሰ፤ ሬሳው ግን ሥራው ሳያልቅ ይበሰብስ ጀመር። ነሐሱን ያፈሰሰለት ካርሎ ማሮኬቲ ነው። ዛሬ ቀርበው ቢያዩአቸው የፊት እግሮቻቸው የተዘረጉት ሕያው አንበሳ በሚተኛበት መንገድ ሳይሆን እንደ ውሻ ነው። አንበሳው የባሕር ኃይል ድል ጠባቂ እንዲሆን ሲፈለግ፣ ላንድሲር ከሁሉ አስቀድሞ የሚያውቀውን የታማኝ ውሻ አቀማመጥ ሰጠው። የእንስሳ ፍቅሩና ዘውዱ የሚፈልገው ነገር በአንድ ቅርጽ ላይ የተገናኙት በዚህ ይመስለኛል።


ወለተ ጊዮርጊስ ዘጎንደር

ሰላም ለሁላችሁ። በዚህ ርእስ ላይ ከቤተ ክርስቲያን ሥዕል በኩል የምለው አለኝ።

እኛ ገና ልጆች ሳለን በመቅደሱ ግድግዳ ላይ ከምናያቸው ሥዕሎች መካከል አቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስ አሉ። ረጅም ነጭ ጺም፣ ሰውነታቸውን የሸፈነ ጸጉር፣ ወደ ላይ የተዘረጉ እጆች፣ በግራና በቀኝ አንበሶችና ነብሮች። ገድላቸው 60 አንበሶችና 60 ነብሮች ይከተሏቸው እንደነበረ ይናገራል። ሥዕሉን የሚያውቅ ሰው የላንድሲርን ሥዕል ሲያይ መጀመሪያ የሚመጣበት ይኸው ነው፤ እኔም የክሩን ከፋች መግለጫ ሳነብ የታየኝ እሳቸው ነበሩ።

ልዩነቱ ግን ከፍተኛ ነው። በእኛ ሥዕል ላይ ጻድቁ አራዊቱን አያዩም፤ እጃቸውም ዓይናቸውም ወደ ፈጣሪ ነው። አራዊቱን የሚያዝ ጣት የለም። ፍርግርግ የለም። ከፍርግርጉ ውጭ ሆኖ ከፍሎ የሚመለከትም የለም። አራዊቱ የሚገኙት በገዛ ምድራቸው ሲሆን ወደ እነሱ የሄዱት ጻድቁ ናቸው። ቫን አምበርግ ግን አራዊቱን ካገራቸው አስመጥቶ ወደ ቲያትር ቤት አስገብቷቸዋል። የቅዱሳንን ምስጢር ከትርኢት ጋር ማነጻጸሬ ቅር የሚያሰኘው አንባቢ ቢኖር ይቅርታ እጠይቃለሁ፤ ያነሣሁት ግን የለንደኑ ሠዓሊ የቅድስናን ቅርጽ ወስዶ በድብደባ ለሚገዛ ሰው ማልበሱ እንዲታይ ነው። የመጽሐፍ መደርደሪያ «በዚያ ዘመን የተለመደ ነበር» ያሉት ለዚህ መልስ አይሆነኝም። ቅርጹ የተለመደ መሆኑ አወሳሰዱን ቀላል አደረገው እንጂ ንጹሕ አላደረገውም።

በነገራችን ላይ እንግሊዛዊው ብሪተን ሪቪየር በ1872 ዳንኤልን በአንበሶች ጉድጓድ ሥሎታል። ዳንኤል እጆቹ ወደ ኋላ ታስረው ብቻውን ከአንበሶቹ ፊት ለፊት ቆሟል። አንድ ሰው ያለ ዘንግና ያለ ትእዛዝ ከአራዊት ፊት ሲቆም ምን እንደሚመስል በዚያው አገር፣ በዚያው ዘመን መሣል ይቻል እንደነበረ ያሳያል።


ከቴምዝ ማዶ

አንድ ሰው ከዚህ ክር እንዳይቀር እፈልጋለሁ። በቪክቶሪያ ዘመን በእንግሊዝ ከተሞች ከታወቁት አንበሳ አላማጆች አንዱ ማርቲኒ ማኮሞ የተባለ ጥቁር ሰው ነበር። «አፍሪካዊው» እየተባለ ይተዋወቅ ነበር፤ በ1871 በሰንደርላንድ ከተማ ሞቶ እዚያው ተቀብሯል። ከአራዊቱ አንዱ የነበረው ዋላስ የተባለው አንበሳ በድኑ ተሞልቶ እስካሁን በሰንደርላንድ ሙዚየም ይታያል። ቫን አምበርግ የሮማ ልብስ ለብሶ የሥልጣኔ ተወካይ ሆኖ ሲቀርብ፣ ማኮሞ ግን ከአራዊቱ ጋር የአንድ አገር ሰው ተደርጎ ነው የቀረበው። አንደኛው በተፈጥሮ ላይ የሠለጠነ፣ ሌላኛው ከተፈጥሮው የተወለደ ሆኖ በማስታወቂያው ተሸጠ። ሁለቱም ግን ወደ አንድ ዓይነት ፍርግርግ ነው የሚገቡት፤ አደጋውም አንድ ነው። ለማኮሞ ንግሥት የምታዝዘው የላንድሲር ሥዕል አልተሠራለትም።


የሰቲት ዳር

አራዊቱ በሥዕሉ ላይ ከመታየታቸው በፊት ከየት እንደመጡ እስካሁን የጠየቀ የለም፤ ለእኛ ደግሞ ይህ ሩቅ ነገር አይደለም።

በ1827 ዣክ ሎረን አጋስ የተባለው የጄኔቫ ተወላጅ ሠዓሊ ለንጉሥ ጆርጅ 4ኛ አንዲት ቀጭኔ ሥሏል። ቀጭኔዋን የላከው የግብፁ መሐመድ ዓሊ ፓሻ ነበር። ያን ጊዜ ሱዳንን ከወረረ ገና ሰባት ዓመት አልሞላውም፤ ቀጭኔዎቹም የተያዙት ከሰናር አካባቢ ነው። ለፈረንሳዩ ሻርል 10ኛም እንዲሁ አንዲት ልኮ፣ እሷ ከማርሴይ እስከ ፓሪስ በእግሯ ተጉዛለች። ሥዕሉን ልብ ብለው ይዩት። ቀጭኔዋ አንገቷን ዝቅ አድርጋለች፤ ሁለት ጥምጥም ያሰሩ ግብፃውያን ጠባቂዎች ወተት ያቀርቡላታል፤ ከአጠገባቸው ረጅም ባርኔጣ ያደረገው የአራዊት ነጋዴው ኤድዋርድ ክሮስ ቆሟል፤ ከበስተኋላ ወተቷን የሚያጠቧት የግብፅ ላሞች አሉ። የአገር ወረራ፣ ዲፕሎማሲና ንግድ በአንድ ሸራ ላይ ተሰብስበው ሳለ የሚታየው ግን የዋህ የማጥባት ትዕይንት ነው። ቀጭኔዋ ለንደን በገባች በሁለት ዓመቷ ሞተች። ሸራና ብሩሽ ስለ ጠቦቷ ያሉት ነገር በእኔ ዓይን ከሁሉ ይልቅ እዚህ ላይ በደንብ ይታያል፤ የመጽሐፍ መደርደሪያም ይህን ሥዕል እንዲመለከቱ እጋብዛለሁ።

ከዚያ በኋላ ንግዱ ሰፋ። ከ1860ዎቹ ጀምሮ የሱዳኗ ከተማ ከሰላ የአውሮፓ የአራዊት ገበያ ዋና ምንጭ ሆነች። የሐምቡርጉ ነጋዴ ካርል ሃገንቤክ በ1870 ካዛኖቫ ከተባለው አዳኝ በስዊዝ የተረከባቸው ዝሆኖች፣ ቀጭኔዎችና አንበሶች ከዚያ አካባቢ በሱዋኪን በኩል የመጡ ነበሩ። የእኛ ተከዜ ሰቲት ተብሎ በሚጠራበት ዳርቻ የሚኖሩት የሐምራን አዳኞች ዝሆንን በፈረስ አሳድደው በሰይፍ ቋንጃውን ይመቱ ነበር። ግልገል ዝሆን በሕይወት ለመያዝ እናቱን መግደል የተለመደው መንገድ ነበር። ግልገሎቹ በመንገድ ላይ ይጠጡ ዘንድ የፍየል መንጋ አብሮ ይነዳ ነበር። ሐምቡርግ ደርሰው በሰርከስ የሚሰለፉት፣ በሥዕልና በማስታወቂያ የሚታዩት ገራም ዝሆኖች እንዲህ የተረፉት ናቸው። በሁመራ ወገን ያደጉ ሽማግሌዎች ስለ ድሮው የዝሆን መንጋ ሲያወሩ የሰማ ሰው ይህ የሌላ አገር ታሪክ ብቻ እንዳልሆነ ይገባዋል።


የመቅደላ ዘብ

የሰቲት ዳር ዝሆንን ካነሡ ዘንድ፣ ዝሆን ወደ እኛ የመጣበትን ጉዞም ማስታወስ ይገባል።

በ1860ዎቹ በአውሮፓ ከታተሙት የኢትዮጵያ ሥዕሎች መካከል በብዛት የሚታወቀው ዐፄ ቴዎድሮስ በችሎት ተቀምጠው አንበሶች በዙሪያቸው ተኝተው የሚያሳየው ነው። ንጉሠ ነገሥቱ ለማዳ አንበሶች ነበሯቸው። በአገራችን ልማድ አንበሳ ከንጉሥ አጠገብ መሆኑ የነገደ ይሁዳን ማዕረግ የሚያስታውስ ነው፤ የሚያስፈራ ትርጉም የለውም ማለቴ አይደለም፤ ፍርሃቱ ግን በሥርዓቱ ውስጥ የታወቀ ቦታ ያለው ነው። የአውሮፓ አንባቢ ግን ያንኑ ሥዕል ሲያይ ያነበበው ሌላ ነው፤ ከአራዊት ጋር የሚኖር፣ ራሱም መገራት ያለበት ንጉሥ። ቫን አምበርግ በአንበሶች መካከል ሲጋደም ሥልጣኔ ሆነ፤ የእኛ ንጉሥ በአንበሶች መካከል ሲቀመጥ አረመኔነት ተባለ።

ከዚያ የሆነውን ሁላችንም እናውቃለን። ጄኔራል ናፒየር ከቦምቤይ በዙላ በኩል ሲመጣ 44 ዝሆኖች ይዞ ነበር። መድፎችንና ከባድ ሞርታሮችን በገደሉና በሸለቆው እያሻገሩ እስከ መቅደላ ተጓዙ። ዝሆን በአገራችን ቆላ የሚኖር የዱር አውሬ ነበር፤ ሰው የሚጭነው፣ በሰው ትእዛዝ የሚንበረከክ ዝሆን ግን ገበሬው በመንገዱ ዳር ቆሞ ሲያይ የመጀመሪያው ነበር። እነዚህ የሕንድ ዝሆኖች ናቸው፤ ሕንድን ገዝቶ ዝሆኗንና ዝሆን ነጂዋን ያገኘ ኃይል በዚያው ኃይል ወደ ሌላ አገር መጣ። የለንደን ጋዜጦች የጉዞውን ሥዕሎች በየሳምንቱ ያትሙ ነበር፤ መድፍ የተሸከሙ ዝሆኖች በኢትዮጵያ ተራሮች ላይ ሲወጡ የሚያሳዩት ሥዕሎች ለአንባቢው ከማንኛውም የጦር ሪፖርት ይልቅ የዘመቻውን ውጤት አስቀድመው ነገሩት። መቅደላ ኤፕሪል 13 ቀን 1868 ወደቀች። የዴካን ጎዳና ስለ ሴሪንጋፓታም የጻፉትን ሳነብ ሁለቱ ታሪኮች ምን ያህል እንደሚመሳሰሉ አስገረመኝ፤ የተዘረፉት ንዋያት ያረፉበት ሙዚየም እንኳ አንድ ነው። የቲፑ ታይገር ባለበት ሕንፃ ውስጥ የመቅደላ ዘውድም አለ።


የመጽሐፍ መደርደሪያ

የሰቲት ዳር የጠቆሙኝን የቀጭኔ ሥዕል አየሁት። በክሩ ውስጥ ከቀረቡት ሁሉ ለእኔ አሳማኙ እሱ ነው፤ ምክንያቱም ሠዓሊው ነጋዴውን አልደበቀውም። አጋስ ክሮስን ከነባርኔጣው አቁሞታል። ላንድሲር በ1839 የብረት ዘንጉን ከሸራው ማውጣቱ እንግዲህ የዘመኑ ግዴታ ሳይሆን ምርጫ እንደነበረ ከዚህ ንጽጽር መረዳት ይቻላል። ለመቅደላ ዘብ ግን አንድ ጥያቄ አለኝ፦ የእኛ ነገሥታት የራሳቸውን የአንበሳ ምስል ለውጭው ዓለም ሲያቀርቡ በማን እጅ አሠሩት?


የመቅደላ ዘብ

ግሩም ጥያቄ ነው፤ መልሱም ቀላል አይደለም። ዐፄ ምኒልክ በ1887 ዓ.ም. በእኛ አቆጣጠር ያወጡት ብር በፓሪስ የተመታ ነው። አንበሳው ዘውድ ደፍቶ፣ የፊት እግሩን አንሥቶ፣ ዓርማ ይዞ ይራመዳል። መሥሪያው የፈረንሳይ ቢሆንም አንበሳው ለማንም አልተኛም፤ ፍርግርግም አላማጅም የለውም። በብሩ ላይ ከተጻፈው ዓመት ቀጥሎ ባለው ዓመት፣ በ1888 ዓ.ም.፣ ዐድዋ ሆነ።

በ1930 ለዐፄ ኃይለ ሥላሴ ዘውድ በዓል በአዲስ አበባ ባቡር ጣቢያ ፊት የቆመውን የይሁዳ አንበሳ ሐውልት የሠራው ደግሞ በ19ኛው ክፍለ ዘመን የእንስሳት ሐውልት ጥበብ ያደገው ፈረንሳዊው ዦርዥ ጋርዴ ነው። ኢጣልያ አገራችንን ስትወር ሐውልቱን ነቅላ ወደ ሮማ ወሰደችው፤ ያስቀመጠችውም በ1887 (በአውሮፓውያን አቆጣጠር) በዶጋሊ ለሞቱት ወታደሮቿ በተሠራው መታሰቢያ ሥር ነው። በዶጋሊ የራስ አሉላ ጦር ድል ያደረገበትን ቀን ለማካካስ የነሐስ አንበሳ ምርኮኛ ተደርጎ መታሰር ነበረበት። አንበሳው ወደ አዲስ አበባ የተመለሰው በ1960ዎቹ ነው። ጥያቄዎን በዚህ መልሼዋለሁ ብዬ አምናለሁ፤ የቀራፂው አገር ከየትም ቢሆን፣ ኢጣልያኖቹ የነሐሱን ትርጉም በሚገባ አንብበውታል።


ኮነቲከት ነዋሪ

እስካሁን በዝምታ ስከታተል ነበር። የምኖረው ከኒው ሄቨን ብዙም ሳልርቅ ነው። የዌሊንግተንን ሥዕል በአካል ማየት ይቻላል? ከልጆቼ ጋር ለመሄድ አስቤያለሁ።


የዴካን ጎዳና

እኅቴ፣ የየል ማዕከል መግቢያ በነጻ ነው። ከመሄድዎ በፊት ግን ሥዕሉ በዚያ ጊዜ ተሰቅሎ እንደሆነ ደውለው ይጠይቁ፤ ሙዚየሞች ሥዕሎችን እየቀያየሩ ያሳያሉ። ሲደርሱ ልጆችዎን መጀመሪያ የሰውየውን ጣት ሳይሆን የአራዊቱን ጆሮና ወገብ እንዲያዩ ይንገሯቸው። ላንድሲር ፍርሃትን በእንስሳ አካል ላይ መሣል ያውቅ ነበር፤ ጆሮው ወደ ኋላ የተጣበቀ፣ ትከሻው ዝቅ ያለ አውሬ ምን እንደደረሰበት ልጅ ሳይነገረው ያውቀዋል። በዚያ ሸራ ላይ ዘንጉን ፈልጎ ማግኘት የሚቻለው እዚያ ነው።